ያልጠቆረ ደም፤ ከቦንጋ ቤቴል ደርሶ መልስ

ከአዲስ አበባ ከተመለስን ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ "ለመሆኑ ምን አደረጉላችሁ?" ይለኛል። ደማችንን ቀድተው እንዳስቀሩት በገበያ የሚያወራም አለ። በየመንገዱ ቆሜ ባስረዳ የማልጨርሰው ነገር ሆነብኝ። ደግሞም ወንድ ልጆቻቸው በየጊዜው እያበጡና እየመገሉ የሚያስጨንቋቸው ሌሎች እናቶች እዚሁ አካባቢያችን ሊኖሩ ይችላሉ። አብዛኞቻቸው ያን መንገድ በዕድሜያቸው አይሄዱትም። ስለዚህ ሄደን ያየነውን እንዳለ ልጽፈው ወሰንኩ። አስተማሪ ነኝ፤ ከመናገር መጻፍ ይቀለኛል።

የሄድነው እኔ፣ ስድስት ዓመት የሞላው ልጄ ቢንያምና አማቴ እማማ አስካለ ነን። ባለቤቴ ተፈራ የሚሠራው ቡና መፈልፈያ ውስጥ ነው። ቡና የሚደርስበት ወቅት ስለነበር ከሥራው መቅረት አልቻለም፤ ትንሿን ልጃችንን ሣራን ከእሱ ጋር ትተናት ሄድን።

የቢንያምን ነገር ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ከጨቅላነቱ ጀምሮ አንገቱ ሥር ወይም ብብቱ ሥር ያብጣል፤ ይመግላል፤ ይፈነዳል፤ ዳነ ስንል በሌላ በኩል ይወጣል። ከእሱ በፊት የወለድኩት ዳዊትም እንዲሁ ነበር። ዳዊት ጉበቱ ላይ መግል ቋጥሮ፣ ገና አፉን በደንብ ሳይፈታ ሞተብኝ። ቡዳ ነው ያለ አለ፤ እርግማን ነው ያለም አለ። አማቴ ግን ከዳዊት ቀብር ወዲህ አንድ ቃል ነበራቸው፤ "የእናቱ እጅ ንጹሕ አይደለም" የሚል። ፊት ለፊት ብለውኝ አያውቁም። እኔ እንድሰማው አድርገው ለሌላ ሰው ይናገሩታል።

ጅማ ያሉት የሕፃናት ሐኪም ቢንያምን ደጋግመው ካዩት በኋላ፣ "ይህ በዘር የሚወረስ ሕመም ሳይሆን አይቀርም። ነጭ የደም ሴሎቹ ጀርም መግደል አቅቷቸዋል ብዬ እጠረጥራለሁ። ይህ የሚታወቀው ደግሞ ሴሎቹ በሕይወት እያሉ ሲፈተኑ ነው። ደሙን ብልከው መንገድ ላይ ይሞታል፤ ልጁ ራሱ ይሂድ" አሉኝ። ቤቴል ወዳለ አንድ ክሊኒክ ላኩን። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የፈለገ ሰው እኔን ይጠይቀኝ።

ይህን ለአማቴ ስነግራቸው "እኔም እሄዳለሁ" አሉ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም። የልጅ ልጃቸውን ማን እንደሚገድለው በጆሯቸው ሊሰሙ እንደፈለጉ ገብቶኛል።

ሰኞ

ጠዋት ከቦንጋ በሚኒባስ ተነሣን። ጎጀብን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው ቢንያም አስመለሰው። ረዳቱ ፌስታል እስኪፈልግ ድረስ እማማ አስካለ ነጠላቸውን ዘርግተው ተቀበሉት። "ይታጠባል" አሉ። ነጠላውን ቋጥረው ከወንበር ሥር አደረጉትና የቀረውን መንገድ ትከሻቸውን በእጃቸው አቅፈው ሄዱ። እሳቸው ያለ ነጠላ ሰው ፊት መውጣት ምን ያህል እንደሚከብዳቸው የሚያውቃቸው ያውቃል።

ጅማ መናኸሪያው አጠገብ ቤርጎ ያዝን። ፍራሹ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ምግብ ቤት ገብተን ለልጁ በርበሬ የሌለው ሽሮ ብንጠይቅ አስተናጋጇ፣ "በርበሬ የሌለው ደግሞ ምኑን ሽሮ ሆነ?" ብላ ሳቀች። ቢንያም አፉን ከፍቶ ከእብጠቱ ጋር የሚወጣበትን የምላሱን ቁስል ሲያሳያት ሳቋን ዋጠችው። ትንሽ ቆይታ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ በወተት የተሠራ ገንፎ ይዛለት መጣች። አልጨረሰውም። ሲውጥ ያመዋል።

ማክሰኞ

ከጅማ በትልቁ አውቶቡስ ተሳፈርን። እስከ ግቤ ድረስ ያለውን መንገድ ቢንያም ጭኔ ላይ ተኝቶ ጨረሰው። ግቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ከታች እንደ ምድጃ ተነሣ። አንድ ኬላ ላይ ሰው ሁሉ ለፍተሻ ይውረድ ተባለ። ፈታሹ ወጣት ነው። የተኛውን ልጅ አይቶ "እሱም ይውረድ" አለ።

"ታሟል ልጄ፤ ትኩሳት አለው" አሉት እማማ አስካለ።

እጁን ሰዶ ግንባሩን ነካውና "ተዉት" አለ። ወርዶም ከበሩ አልራቀም። ተፈትሸን እስክንመለስ ድረስ ልጁን ከደጅ ሆኖ ያየው ነበር።

ወልቂጤ ምሳ በላን። ወሊሶን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳና መንገድ ዳር ረጅም ሰዓት ተቀመጥን። ያን አገር እዚያ ነው በደንብ ያየሁት። የታጨደ ጤፍ፣ የተቆለለ ጭድ፣ ሜዳ፣ ከዚያ ሌላ ሜዳ። እኛ አገር ሰማይ የሚታየው በቅጠል መካከል ተቆራርጦ ነው። እዚያ ግን አንዱ ዳር ቆመሽ የሌላውን ዳር ዝናብ ታያለሽ። የእማማ አስካለ ፊት ተከፋ። "ሰው እዚህ ምን ተጠልሎ ይኖራል?" አሉ።

ያ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ አየር ጤና ስንደርስ ጠበቀን። ሊቀበለን ቃል የገባው የባለቤቴ የአጎት ልጅ ስልኩ ዝግ ነው። ኋላ እንደሰማነው ያን ዕለት ጠዋት ተሰርቋል። እኛ ግን ይህን አላወቅንም፤ ደጋግሜ እደውላለሁ፤ ዝናቡ ይወርዳል። ታክሲዎቹ ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ፤ ወያላዎቹ "ቤቴል! ቤቴል! ዓለም ባንክ!" ይላሉ። ቦንጋ ቢሆን እንዲህ ልጅ ታቅፈሽ ብትቆሚ አምስት ሰው ስምሽን ጠርቶ ያስጠጋሽ ነበር።

"ኧረ ግቡ! ልጁን እኮ ዝናብ መታው!" አለን አንድ ድምፅ።

ባልዲና ድስት የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ባለሱቋ ሂጃብ ያደረጉ፣ ሃምሳ የሚሆናቸው ሴት ናቸው። ወይዘሮ ዘይነባ ይባላሉ፤ እኔ እትዬ ዘይነባ እያልኩ ነው የጠራኋቸው። ከየት እንደመጣን፣ ለምን እንደመጣን፣ ማን ዘንድ እንደምናርፍ ጠየቁኝ። የመጨረሻውን መመለስ አቃተኝ።

"ሱቁን ልዘጋ ነው። ቤቴ ዓለም ባንክ የሚሉት ሰፈር ነው። ልጄ አግብታ ወጥታለች፤ ክፍሏ ባዶውን ተቀምጧል። አብረን እንሄዳለን" አሉ።

እማማ አስካለ በቋንቋችን "የማናውቀው ሰው ቤት?" አሉኝ። እትዬ ዘይነባ ቃሉን ባይሰሙትም ፊታቸውን አነበቡት።

"አይፍሩ እማማ። እኔም ከስልጤ ስመጣ እዚህ አንድም ሰው አላውቅም ነበር። ያስጠጋኝ የማላውቀው ሰው ነው።"

ሱቁን ሲዘጉ ከመደርደሪያው አንድ ድስት አውርደው ያዙ። ቤት ደርሰን ምስር ከሠሩልን በኋላ ነው ድስቱ ለምን እንደመጣ የገባኝ። ከማዕዱ ፊት ተቀምጠው ለአማቴ፣ "ድስቱ አዲስ ነው እማማ፤ የእኛ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። በሃይማኖትዎ ምንም የሚያጠራጥር የለውም፤ ይብሉ" አሉ። እማማ አስካለ አሻፈረኝ ለማለት ተዘጋጅተው ነበር መሰለኝ፤ ግን በሉ።

ረቡዕ

እትዬ ዘይነባ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ በታክሲ ቤቴል ድረስ አደረሱን። ክሊኒኩ ሦስት ፎቅ ነው፤ ላቦራቶሪው ምድር ቤት ነው። ሐኪሟ ገና ወጣት ሴት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ቢንያምን አገላብጣ አየችው፤ የድሮ ጠባሳዎቹን ቆጠረች፤ ስለ ዳዊት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ስለ ጉበቱ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ከቢንያም ደም እንወስዳለን" አለች። "ከእርስዎም እንወስዳለን።"

"ከእኔ ለምን?"

"ሕመሙ የጠረጠርኩት ከሆነ ብዙ ጊዜ በእናት በኩል ነው የሚተላለፈው።"

እማማ አስካለ አጠገቤ ነበሩ። አላዩኝም። ግድግዳውን ነበር የሚያዩት።

ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ባለሙያ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳን፤ እኔም እንደገባኝ እጽፈዋለሁ። ደማችን ውስጥ ጀርም የሚውጡ ነጭ ሴሎች አሉ። ውጠው አይተዉትም፤ ውስጣቸው እንደ እሳት ያለ ነገር አቀጣጥለው ይገድሉታል። የአንዳንድ ልጆች ሴሎች መዋጡን ይውጣሉ፤ እሳቱ ግን የላቸውም። ጀርሙ ውስጣቸው ይኖራል፤ መግል የሚሆነው ለዚህ ነው። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ትኩስ ደም መስታወት ላይ ያደርጉና የሰውነት ያህል ሙቀት ባለው ሣጥን ውስጥ ያቆዩታል፤ ቢጫ ቀለም ይጨምሩበታል፤ ሴሎቹንም የሚያስቆጣ ነገር ያደርጉበታል። ጤነኛ ሴል ተቆጥቶ እሳቱን ሲያነሣ ቢጫው ይጠቁራል፤ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። የታመመው ሴል እንደገረጣ ይቀራል።

"አሁን የጤነኛ ሰው ደም ያስፈልገኛል፤ ከልጁ ጋር ማነጻጸሪያ" አለ። "የእኔን ነበር የማደርገው፤ ግን ጉንፋን ይዞኝ መድኃኒት ላይ ነኝ። ዘመድ ያልሆነ ሰው አብሯችሁ አለ?"

እትዬ ዘይነባ እጅጌያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

"እትዬ፣ ተዉት፤ ሌላ ሰው ይፈልጉ" አልኳቸው።

"ሌላ ሰው ከየት? ደም ነው፤ ይተካል። ቢስሚላሂ" አሉና ክንዳቸውን ዘረጉ። መርፌው ሲገባ ፊታቸውን አዙረው ቢንያምን "አንተ ጀግና፣ እኔ እኮ ፈሪ ነኝ፤ እጄን ያዝልኝ" አሉት። ያዘላቸው።

ደጅ ተቀምጠን ስንጠብቅ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ቆመ፤ ደግሞ ተነሣ። ከሰዓት በኋላ ባለሙያው ወጣ።

"ምንም ማለት አልችልም" አለ። "የሦስታችሁም አልጠቆረም።"

እትዬ ዘይነባ ከወንበራቸው ተነሡ። "እኔም ታምሜያለሁ ማለት ነው?"

"አይደለም እናቴ፤ የእርስዎ ካልጠቆረ ጥፋቱ ከፈተናው ነው። የመብራቱ መጥፋት ሣጥኑን አቀዝቅዞታል፤ ወይም ቀለሙ ደክሟል። የእርስዎን ባላይ ኖሮ ልጁ ታሟል ብዬ እጽፍ ነበር። አሁን ግን ያየነው ምንም የለም። አዲስ ቀለም እናዘጋጃለን፤ ዓርብ ጠዋት ኑ።"

ስንወጣ እትዬ ዘይነባ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። "ወላሂ ለቅጽበት ቀባሪዬን አሰብኩ" አሉ። ያን ቅጽበት እኔ ከዳዊት ጀምሮ እየኖርኩበት እንደሆነ መናገር ፈለግሁ።

ሐሙስ

ቀኑን ዓለም ባንክ ዋልን። ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ ነው፤ አንድ ቅጠል አይወድቅበትም። ውኃ በሣምንት በተወሰነ ቀን ይመጣል፤ በትልቅ ሮቶ ይጠራቀማል፤ እየቆጠቡ ይጠቀማሉ። ወንዝ ዳር ላደገ ሰው ይህ ያሳቅቃል። እጄን በታጠብኩ ቁጥር የሰው ውኃ የጨረስኩ እየመሰለኝ ተሸማቀቅሁ። ቢንያም "እዚህ መውጫ ዛፍ የለም" ብሎ አኮረፈ፤ ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ተነሣበት። ከቤት ስንወጣ የጀመረው የአንገቱ እብጠትም ቀልቷል።

እማማ አስካለ ነጠላቸውን አጥበው እያሰጡ ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ ልጁን በእርጥብ ጨርቅ አብሳለሁ፤ መስኮቱ ክፍት ነው። እትዬ ዘይነባ ለምሳ ከሱቅ መጥተው ነበርና ስለ ዳዊት ጠየቋቸው። አማቴ የተለመደውን ቃላቸውን ተናገሩ፤ በአማርኛ፣ እኔ እየሰማሁ። "ምን ላድርግ ልጄ፣ የእናቱ እጅ ንጹሕ አይደለም።"



"እማማ፣ አይቆጡኝ" አሉ እትዬ ዘይነባ። "እኔ ይህችን ልጅ ከመጣችሁ ጀምሮ አይቻታለሁ። ለልጇ ውኃ ስትቀዳ ኩባያውን ሦስቴ ነው የምታጥበው። እኔ አንድ ጊዜ ነው የማጥበው፤ አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ።"

ነጠላው ሲራገፍ ሰማሁት። እኔ ጨርቁን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከባለቤቴም ያልሰማሁትን ቃል ነው ከባዳ የሰማሁት። አለቀስኩ፤ ቢንያም "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ ሳሙና ዓይኔ ገባ አልኩት።

ዓርብ

እንደገና ሦስታችንም ደም ሰጠን። ዓርብ ስለሆነ እትዬ ዘይነባ ለጁምዓ ሶላት መድረስ ይፈልጉ ነበር፤ "ውጤቱን ሳልሰማ አልሄድም" ብለው ቀሩ። መብራት አልጠፋም። እንዲያውም እንዲጠፋ የተመኘሁበት ጊዜ ነበር፤ ሳይታወቅ የሚያልፍ አንድ ተጨማሪ ቀን ለማግኘት።

ሐኪሟ ራሷ ወደ ላቦራቶሪ ጠራችን። "ማየት ከፈለጉ ይዩት" አለችኝ። ማይክሮስኮፕ በማስተማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ላይ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ባለሙያው በመጀመሪያ የእትዬ ዘይነባን አስቀመጠልኝ። ክቦቹ ሁሉ ጥቁር ሰማያዊ ሆነዋል፤ እንደ በሰለ እንጆሪ።

ቀጥሎ የቢንያምን አስቀመጠ። ብዙ ክቦች አሉ፤ አንድም የጠቆረ የለም። መስታወቱን አንቀሳቀሰልኝ፤ ሌላ ቦታ አየሁ፤ የለም። ደግሞ ሌላ ቦታ። "ትንሽ እንቆይ፤ ቀስ ብሎ ይጠቁር ይሆናል" አልኩት።

"አይጠቁርም እታለም" አለኝ።

ሦስተኛው የእኔ ነበር። ግማሹ ጠቁሯል፤ ግማሹ ገርጥቷል፤ ጎን ለጎን ተቀላቅለው እንደ ገብስማ ዶሮ ላባ። እኔ ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን እንዲህ ሆኖ ሲኖር አንድም ቀን አልተሰማኝም። ሐኪሟ ክፍሏ ወስዳ አስቀመጠችንና ገለጸችልን። የእኔ ግማሹ ጤነኛ ስለሆነ እኔን ይጠብቀኛል። ሴት ልጅ ይህን ዘረ መል ከእናትም ከአባትም ታገኛለች፤ ወንድ ልጅ ግን ከእናቱ የሚያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ የተበላሸው ከደረሰው የሚተካለት የለውም። ዳዊትም በዚሁ እንደሞተ አትጠራጠርም። ሣራም እንደ እኔ ልትሆን ትችላለች፤ መታየት አለባት።

"ስለዚህ ከእናቱ ነው" አሉ እማማ አስካለ።

"በእናቱ በኩል ነው እማማ። እሷ ያደረገችው ነገር አይደለም። ሳታውቀው ነው የወረሰችው።"

"ከማን?"

"ከእናቷ ሊሆን ይችላል። ያቺም ከእናቷ።"

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የሚመጣውን ቃል እየጠበቅሁ ነበር። ከአገሬ ይዤው የመጣሁት ፍርድ ይኸው በሐኪም አፍ ጸደቀ ብዬ ነበር።

"እናትሽ ወንድሞች ነበሯት" አሉኝ። "ታውቂያለሽ?"

"በልጅነታቸው ሞቱ ሲባል ሰምቻለሁ።"

"የሁለቱን ለቅሶ ደርሻለሁ። ገና ሙሽራ ነበርኩ። አንደኛው አንገቱ እንዲሁ አብጦ ነበር። ያኔም አያትሽን ነበር ሰው የሚያማት፤ እጇ ንጹሕ አይደለም እያለ። ቃሉን የሰማሁት እዚያ ነው።" አሉ። "ያቺ ሴት ማንም ገላገይ ሳይኖራት ሞተች።"

እጄን ያዙኝ። ከዳዊት ቀብር ወዲህ እጄን ሲይዙኝ ያ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ይቅርታ አላሉም፤ እኔም አልጠበቅሁም። እትዬ ዘይነባ ቢንያምን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ።

ሐኪሟ መድኃኒት አዘዘች። አንዱ ለባክቴሪያ፣ አንዱ ለሻጋታ፤ እነሆ እስከ ዛሬ በየቀኑ ይውጣል። እስከ መቼ ብዬ ስጠይቃት "እስካለ ድረስ" አለችኝ። የሚያድነው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው፤ እሱን ለማግኘት ከአገር መውጣት እንደሚኖርብን ነገረችኝ። ተስፋ ልስጥዎ ብላ አልዋሸችኝም፤ ስለዚህ አከበርኳት።

ከዚያ "የምትኖሩት ምን ዓይነት ቦታ ነው?" አለች።

"ጫካ ነው" አልኳት። ስለ አገራችን ማውራት ስለምወድ ዘረዘርኩላት። ቅጠሉ እግር እስኪውጥ እንደሚረግፍ፣ ከቤታችን ጓሮ እንሰት እንዳለ፣ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ እንደምንቀብር፣ ባለቤቴ ቡና መፈልፈያ እንደሚሠራ። በተናገርኩ ቁጥር ፊቷ እየከበደ ሄደ።

"ይህን ልጅ ከመግሉ በላይ የሚያሰጋው ሻጋታ ነው" አለችኝ። "የበሰበሰ ቅጠል፣ የቡና ገለባ፣ አቧራው፣ ጭድ፣ የጓሮ ጉድጓድ። እኛ ስንተነፍሰው ምንም አንሆንም። እሱ ሳንባው ውስጥ ይበቅልበታል። ከዚህ ሁሉ ይራቅ።"

"ከዚህ ሁሉ ከራቀ አገሩ ምን ቀረው?" አልኳት።



ቅዳሜ

እትዬ ዘይነባ አየር ጤና ድረስ ሸኙን። ለቢንያም መጠጥ ውኃ የሚሆን ክዳን ያለው ባልዲ ሰጡን፤ ያን ድስትም ለአማቴ። "ደሜ ከደማችሁ ጋር መስታወት ላይ ተቀምጧል፤ ከእንግዲህ ዘመድ ነን" አሉ። እማማ አስካለ ሁለቱንም ጉንጫቸውን ደጋግመው ሳሟቸው። አውቶቡሱ ሲነሣ ቢንያም በመስኮት እጁን አወዛወዘ።

በመንገድ ላይ፣ "የሴትዮዋ ደም ጠቁሮ የኔ ለምን እንቢ አለ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ያንተ ይደክመዋል። መድኃኒቱ ያግዘዋል።"

"የዳዊትም ይደክመው ነበር?"

"አዎ።"

"እሱ መድኃኒት አልነበረውም?"

"አላወቅንም ነበር ልጄ።"

ጅማ ከመድረሳችን በፊት የአንገቱ እብጠት ፈነዳ፤ እኔና አማቴ ለመንገድ በያዝነው የተፈላ ውኃና በንጹሕ ጨርቅ አብረን ጠረግነው። ያን ምሽት እዚያው ጅማ አረፍን።

እሑድ

ጎጀብን ስንሻገር ጫካው ጀመረ። ሁልጊዜ ከሩቅ አገር ስመለስ እዚያ ስደርስ ደረቴ ይከፈት ነበር። ያን ቀን መስኮቱን ዘጋሁት። ሽታውን አውቀዋለሁ፤ የረጠበ አፈር፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የደረቀ ቡና። ዳዊትን ያሳደግሁበት ሽታ ነው። ልጄን በነጠላ ሸፍኜ፣ ዛፎቹን አንድ በአንድ እንደ ጠላት እያየሁ አለፍኩ። እማማ አስካለ የማስበውን አወቁ መሰለኝ፤ "ከተማ ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ቤት እንከራያለን። እኔም አብሬያችሁ እገባለሁ" አሉ። እንሰታቸውን ጥለው እንደማይወጡ ስንት ጊዜ የማሉ ሴት ናቸው።

ቀበሌያችን ስንወርድ ሰንበት ቢሆንም መፈልፈያው ይሠራ ነበር፤ በወቅቱ አይቆምም። ተፈራ ከሩቅ አይቶን ሥራውን ጥሎ ሮጠ። ካፖርቱ፣ ፀጉሩ፣ ቅንድቡ ሳይቀር በቡና ገለባ አቧራ ነጥቷል። እጁን ዘርግቶ "ቢኒዬ!" እያለ መጣ። ቢንያምም እጄን አስለቅቆ ወደ አባቱ ተወረወረ።

"አትንካው!" ብዬ ጮህኩ።

መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ልጁን በልብሱ ኮሌታ ይዤ ወደ ኋላ ሳብኩት፤ አለቀሰ። ተፈራ እጁን እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ነገርኩት፤ ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ስለ ሴሎቹ፣ ስለ ሻጋታው፣ ስለ ገለባው። ዳዊትንም የገደለው ይኸው ሕመም እንደሆነ፣ በእኔ በኩል እንደመጣ። አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቱን ያያል።

"እውነት ነው። እኔም ሰምቻለሁ" አሉት እማማ አስካለ። "ልብስህን አውልቅ።"

በአደባባዩ ቧንቧ ላይ ሰው እያየው ካፖርቱንና ሸሚዙን አውልቆ ጣለ። እናቱ ሳሙና አቀበሉት። ውኃው ከተራራ የሚመጣ ነው፤ ይቆርጣል። ፀጉሩን ታጠበ፤ ጆሮውን፣ ቅንድቡን፣ ጥፍሩን። እየተንቀጠቀጠ ቀና አለና "ይበቃል?" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩት።

ሳሙናውን እንደገና አነሣ።